ኦርቢትሮን ወይስ ዩሮስታይል? ለታፔላና ለስቲከር የሚሆነው

ሐዋሳ ውስጥ ጂም ወይም ጌም ቤት የሚከፍት ደንበኛ ታፔላ ሊያሠራ ሲመጣ ብዙ ጊዜ «ወፈር ያለ፣ የጠፈር መርከብ ላይ ያለ የሚመስል ጽሑፍ» ይለኛል። እኔም ኦርቢትሮንና ዩሮስታይል የሚባሉ ሁለት ፎንቶች (የፊደል ቅርጾች) ጎን ለጎን አድርጌ አሳየዋለሁ።

ሁለቱም ፊደላቸው ወደ አራት ማዕዘን ያደላል። የእንግሊዝኛዋን ኦ እዩ። የዩሮስታይሏ ጎኗ ትንሽ ሆድ አለው፤ የድሮ ቴሌቪዥን መስታወት ትመስላለች። ጣሊያናዊው አልዶ ኖቫሬዜ በ1962 ቱሪን ውስጥ ነው የሠራው፤ ዛሬም አላረጀም። የኦርቢትሮኗ ግን ጎኗ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚዞረው ማዕዘኗ ብቻ ነው። እሱን ማት ማኪነርኒ በ2009 አወጣው።

ይህች ትንሽ ልዩነት ስቲከር ላይ ትገዝፋለች። አንድ የባጃጅ ባለቤት ለኋላ መስታወቱ «ጎድ ኢዝ ጉድ» በእንግሊዝኛ አዘዘኝ። በኦርቢትሮን፣ በጣም ወፍራሙን መርጬ ቆረጥኩለት። አሥር እርምጃ ራቅ ብዬ ሳየው ዲዋ ከኦዋ አትለይም፤ የፊደሎቹ ሆድ ጠቦ ስንጥቅ ብቻ ቀርቷል። ወደ መካከለኛው ውፍረት አውርጄ፣ በፊደሎቹ መካከል ክፍተት ጨምሬ እንደገና ሠራሁት። ያኔ ተነበበ። ዩሮስታይል ላይ እንዲህ ያለ ችግር ብዙም አይገጥመኝም።

በዋጋ በኩል ኦርቢትሮን ይሻላል። ፈቃዱ ክፍት ስለሆነ ለንግድ ሥራም በነፃ ነው። ዩሮስታይል ይገዛል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ለእኛ ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ኮፒ ለድርጅታችሁ አርማ አትጠቀሙ። ሚክሮማ የሚባል ነፃ ፎንት መልኩ ወደ ዩሮስታይል ይጠጋል፤ ግን ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው።

አማርኛውስ? ሁለቱም ፊደላችንን አልያዙም። አማርኛ ስትጽፉበት ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ያመጣል፣ ታፔላው የሁለት ሱቅ ይመስላል። እኔ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ወፈር አድርጌ ከጎኑ አስቀምጣለሁ፤ እሱም ነፃ ነው። እንዲመሳሰል ብላችሁ ግን ፊደሉን አትለጥጡት፣ አትጨፍልቁት። «ሱ» እና «ሲ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ አንዷ ወገቡ ላይ፣ ሌላዋ እግሩ ላይ። እሷ ከጠፋች ቃሉ ሌላ ይሆናል።

ለአንድ ሱቅ ታፔላ ኦርቢትሮን ይበቃል ባይ ነኝ። ደብዳቤ፣ ካታሎግና የመኪና ጽሑፍ ሁሉ ለሚያሠራ ድርጅት ግን ዩሮስታይል ገንዘቡ ያዋጣል፤ ትንንሽ ፊደሎቹ ረዘም ባለ ጽሑፍም አያደክሙም። የትኛውንም ብትመርጡ ሁለት ፊደል በትክክለኛው መጠን ወረቀት ላይ አሳትማችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ። ከዚያ አስፋልቱን ተሻግራችሁ እዩት፤ ቀብድ የምትከፍሉት ከዚያ በኋላ ይሁን።