ለእንጦጦና ለሱባ ሌሊት የትኛው ስሊፒንግ ባግ ይበቃል?

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ጫካዎችና ተራሮች ለማደር ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) የሚገዛ ሰው ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ስሱን ገዝቶ ነው። ቀን ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሻጩ «ኧረ ይሄ ለኛ አገር ይበቃል» ይላል፤ ገዢውም ሲጠቀለል ከአንድ ዳቦ የማይበልጥ ከረጢት ይዞ ይወጣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ ያ ከረጢት ከአንሶላ ብዙም አይሻልም።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት ቦታ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የከተማው ሌሊት በአማካይ ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። ከፍታው በየ100 ሜትሩ ሲጨምር ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከቦሌ 5 ዲግሪ ያህል ይበርዳል ማለት ነው። የመናገሻ ሱባን ጫካ የተሸከመው ወጨጫም ጫፉ 3,385 ሜትር ይደርሳል፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ቅዝቃዜው ይላላል። ይህ እንግዲህ አማካዩ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት የበጋ ሌሊት መሬቱ የያዘውን ሙቀት ወደ ላይ ይለቃል፤ ቀዝቃዛው አየር ደግሞ ስለሚከብድ ተንሸራትቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። የሱሉልታ ሜዳ ጠዋት ውርጭ ለብሶ እያለ፣ ከዚያው ሜዳ ጥቂት አሥር ሜትሮች ከፍ ብሎ ዛፍ ሥር የተተከለ ድንኳን ደረቅ ሆኖ የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ያደረ ሰው ይህን ብርድ ያውቀዋል፤ እዚያ ግን ሕዝቡም ዝማሬውም ያሞቃል።

ስለዚህ ፍርዳችን ከወዲሁ ይኸው፦ ለእንጦጦ፣ ለሱባ፣ ለየረርና ለዝቋላ የሚሆነው ኮምፈርቱ፣ ማለትም ሳይበርድ የሚያስተኛበት ሙቀት፣ ከ0 እስከ 3 ዲግሪ የሆነ፣ ወደ እግር እየጠበበ የሚሄድ፣ ኮፍያ ያለው ሲንተቲክ (መሙያው ሰው ሠራሽ ቃጫ የሆነ) ከረጢት ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ 7 ወይም 8 ዲግሪ ኮምፈርት ያለው ይበቃል። ከዚህ የተለየ ነገር የሚያስፈልገው ባሌ ሳነቴ ወይም ሰሜን ተራሮች ለሚወጣ ሰው ነው።

ቁጥሩን ማንበብ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በደንብ የተለካ ከረጢት ሦስት ቁጥር አለው፤ ኮምፈርት፣ ሊሚትና ኤክስትሪም ይባላሉ። መጀመሪያ ኢኤን 13537 በተባለው የአውሮፓ ደረጃ ይሰጡ ነበር፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም አቀፉ አይኤስኦ 23537 ተተክቷል። የሚለኩት እንደ ሰው ሙቀት የሚሰጥ አሻንጉሊት ረጅም የውስጥ ልብስና ካልሲ ተደርጎለት፣ ማት (ከሥር የሚነጠፍ ምንጣፍ) ላይ ተኝቶ ነው። ማቱን ልብ በሉ፤ እመለስበታለሁ። ኮምፈርት ማለት በአማካይ አንዲት ሴት ዘና ብላ ተኝታ የማይበርዳት ሙቀት ነው። ሊሚት አንድ ወንድ ተኮራምቶ ለ8 ሰዓት የሚተኛበት ነው። ኤክስትሪም ከእንቅልፍ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሰው እየተንቀጠቀጠ በብርድ ሳይሞት 6 ሰዓት የሚቆይበት የአደጋ ጊዜ ቁጥር ነው። ታዲያ ማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚታተመውና ሻጭ ጮክ ብሎ የሚያነበው ብዙ ጊዜ ይኸው የመጨረሻው ነው። በኮምፈርትና በኤክስትሪም መካከል አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ። ስለዚህ «ከዜሮ በታች 10» የሚል አንድ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ከረጢት ሲያጋጥማችሁ ቁጥሩን ኤክስትሪም ነው ብላችሁ ያዙት፤ እንቅልፍ የሚሰጠው ከ5 ዲግሪ በላይ ነው። ሊሚትንም ቢሆን መግዣ አታድርጉት፤ በተለይ ሴቶችና ቶሎ የሚበርዳቸው ሰዎች በኮምፈርቱ ይመሩ።

ሌላው ወጥመድ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ነው። እዚያ ቁጥሩ በፋራናይት ነው። «40» ማለት 4 ዲግሪ፣ «30» ከዜሮ በታች 1፣ «20» ከዜሮ በታች 7፣ «0» ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው። «20» የሚለውን አይቶ «ይሄማ የሞቃት አገር ነው» ብሎ ለሌላ የሰጠ ሰው ለእንጦጦ የሚሆነውን ነው አሳልፎ የሰጠው። ከዘመድ የምታስመጡ ከሆነ 20 ወይም 25 ፋራናይት በሉ፤ 40 ያለው ቁጥሩ የሚያመለክተው ሊሚቱን ከሆነ ለታኅሣሥ አይሆንም።

ገበያው ላይ በብዛት ያለው አራት ማዕዘኑ ነው፤ ርዝመቱ 190 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 75፣ ከራስ በኩል 30 ሴንቲሜትር የምትሆን ትራስ መሰል ቅጥያ ያለው። ጥሩ ጎኑ ዚፑ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ብርድ ልብስ መሆኑ ነው፤ ሁለቱን አገጣጥሞ ለባልና ሚስት አንድ ማድረግም የሚቻልባቸው አሉ። ውስጡ ሰፊ ስለሆነ ጋቢ ይገባበታል። ችግሩ ትከሻው ላይ ነው፤ የሚሸበብ ነገር ስለሌለው በተገላበጣችሁ ቁጥር የሞቀው አየር በአንገት ይወጣል። በካሬ ሜትር 200 ግራም መሙያ ያለውን ለቢሾፍቱ፣ ለላንጋኖና ለቤት እንግዳ ግዙት፤ ሱባ ላይ ተስፋ አታድርጉበት።

ባለ ኮፍያው ሲንተቲክ ኮምፈርቱ 0 አካባቢ ከሆነ ክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ይደርሳል፤ ሲጠቀለልም ቦታ ይይዛል። አዲስ አበባ ዙሪያ ግን መኪናው ካምፑ አጠገብ ስለሚደርስ፣ ወይም የእግር መንገዱ አጭር ስለሆነ፣ ክብደቱን ያን ያህል ልንቆጥርበት አይገባም። ዋናው ጥቅሙ እርጥበት ላይ ነው። የሱባ ጥድና ዝግባ ጉምና ጠል ይይዛል፤ ድንኳኑም ከውስጥ ያልበዋል። ሲንተቲክ ቢረጥብም ከሙቀቱ የተወሰነውን አያጣም፤ አንድ ቀን ፀሐይና ነፋስ ካገኘም ይደርቃል። ኪሎው ሁሉን ይናገራል፦ ሲንተቲክ ሆኖ ከነማሸጊያው አንድ ኪሎ የማይሞላ፣ ግን ከዜሮ በታች ኮምፈርት አለኝ የሚል ከረጢት ካያችሁ አትመኑት።

ዳውን፣ ማለትም የዝይ ወይም የዳክዬ ለስላሳ ላባ፣ ለክብደቱ ከሁሉም በላይ ይሞቃል፤ ተጠቅልሎም ትንሽ ይሆናል። ጥራቱ ፊል ፓወር በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ 550 ደህና፣ 800 እና ከዚያ በላይ ምርጥ ነው። ቁጥሩ የላባውን መንፋት እንጂ ከረጢቱ ውስጥ ስንት ግራም እንዳለ አይናገርም፤ ሁለቱንም ጠይቁ። ላባው ከረጠበ ግን ይጣበቅና ሙቀቱ ይጠፋል፤ ማድረቂያ ማሽን በሌለበት ቤት አጥቦ ማድረቅም የቀናት ሥራ ነው፤ ላባውን በእጅ እየፈታቱ። ለቅዳሜና እሑድ ጉዞ ዳውን መግዛት ቅንጦት ነው እንላለን። ሳነቴ 4,000 ሜትር ላይ ወይም በሰሜን ተራሮች ጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ላይ ለሚያድርና ዕቃውን ለሚሸከም ሰው ግን ዋጋውን ያወጣል።

የሰልባጁ ነገር ዕድልም ዓይንም ይጠይቃል። ከቦንዳ የሚወጡት አንዳንዶቹ ከሱቁ አዲስ በእጅጉ የተሻለ ስፌት አላቸው። የወታደር ከረጢቶች ጠንካራ ናቸው፣ ግን ይከብዳሉ። ዋናው ችግር ስንት ዓመት ታጭቀው እንደኖሩ አለመታወቁ ነው። ታጭቆ የኖረ ሲንተቲክ ቃጫው ይሰባበራል፤ መለያው ላይ 0 ቢልም አሁን 8 ዲግሪ ላይ ሊያስበርድ ይችላል።

አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ከታጨቀበት ማሸጊያ አስወጡትና ዘርግታችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት። መንፋት አለበት። ካልነፋ ነገሩ አብቅቷል። ከዚያ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ውስጡ አስገቡና ከውጭ ተመልከቱ፤ መሙያው የሸሸበት ቦታ ደምቆ ይታያል። ስፌቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙት፤ ሁለቱ ጣቶች በስስ ጨርቅ ብቻ ከተገናኙ ስፌቱ ከላይ እስከ ታች ያለፈ ነው፤ ብርድ በዚያ መስመር ይገባል። የተሻሉት መሙያቸው ሁለት ንብብር ነው፤ የአንዱ ስፌት በሌላው መሙያ ይሸፈናል። ዚፑን በፍጥነት ሦስት ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። የውስጡን ጨርቅ የሚበላ ዚፕ ሱቅ ውስጥ ካስቸገረ በጨለማ ይቀደዳል፤ ለዚህ ነው ጥሩዎቹ ከዚፑ ጎን ጠንከር ያለ ጥብጣብ የሚሰፋላቸው። ከዚፑ ጀርባ ከአንገት እስከ እግር የሚወርድ የተሞላ መከለያ መኖሩን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ከሌለ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጎናችሁ ይበርዳል። ዚፑ በሁለቱም በኩል፣ ከውስጥም ከውጭም መከፈቱንም እዩ።

ቀጥሎ ጫማ አውልቃችሁ ግቡበት። ሻጩ ቢስቅም ግቡበት። እግራችሁን ዘርግታችሁ ጣቶቻችሁ ጫፉን ከገፉት መሙያው እዚያ ጋ ይጨፈለቃልና እግራችሁ ይበርዳል። ከቁመታችሁ 15 ሴንቲሜትር ያህል የሚተርፍ ፈልጉ፤ መደበኛው ብዙ ጊዜ እስከ 180 ወይም 185 ሴንቲሜትር ቁመት ላለው ሰው ነው። በጣም መርዘሙም ጥሩ አይደለም፤ ባዶውን ቦታ የሚያሞቀው የእናንተው ሰውነት ነው። ለልጅ የአዋቂ ከረጢት ከሆነ ትርፉን ከእግር በኩል እጠፉና በገመድ እሰሩት፤ ቁጥሮቹም የተለኩት ለአዋቂ መሆኑን አትርሱ። የኮፍያውን ገመድ በአንድ እጅ ሳቡ፤ አፍና አፍንጫ ብቻ እስኪቀር ከጠበበ ጥሩ ነው። አፍን ግን ወደ ውስጥ አታስገቡ፤ ትንፋሽ መሙያውን ያረጥበዋል።

አሁን ወደ ማቱ። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው መሙያው አየር ስለሚይዝ ነው፤ ከጀርባችሁ ሥር ያለው መሙያ በክብደታችሁ ስለሚጨፈለቅ አየር የለውም። ከሥር የሚከላከለው ማቱ ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ባጉ አይሞቅም» ብሎ የሚያማርረው ብርዱ ከመሬት ሲመጣበት ነው። የማት መከላከያ አር ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ ተደራራቢ ማቶች ቁጥራቸው ይደመራል። ውሃ የማይመጠው ጠጣር የፎም ማት 2 አካባቢ ነው፤ ለበጋ እንጦጦ 3 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሁለት ደርቡ። ስሱ የዮጋ ማት ብቻውን አይበቃም። የፍራሽ ስፖንጅም ለስላሳ ስለሆነ ይጨፈለቃል፣ ውሃም ይጠጣል። በፓምፕ የሚነፋው ወፍራም የአየር ፍራሽ ምቾቱ ያታልላል፤ ውስጡ መሙያ ከሌለው አየሩ እየተዘዋወረ ሙቀታችሁን ለመሬት ያስረክባል። እሱን ይዛችሁ ከሆነ ከላዩ ፎም ማት አንጥፉ። ምንም ከሌለ ሁለት ንብብር ደረቅ ካርቶን ከማቱ ሥር ይረዳል። በአንድ ዳውን ዋጋ ደህና ሲንተቲክና ደህና ማት አብረው ስለሚገኙ፣ ገንዘባችን ውስን ነው ለሚል ሰው ምርጫው ይኸው ነው።

ጋቢ ያለው ሰው ባለ ኮፍያው ውስጥ አጭቆ አይግባ፤ ቦታው ይጠብና መሙያው ይጨመቃል። በበጋ ከላይ ደርቡት። በክረምት ግን ጥጡ እርጥበት ይጠጣና ከብዶ ያድራል፤ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ይሻላል። ቀን የለበሳችሁትን ላብ የነካው ካልሲ ሳትቀይሩ አትግቡ። ባዶ ሆድም አይሞቅም፤ ከመተኛት በፊት የበሶ ጭብጦ ወይም ጭኮ መብላት የሌሊቱን እሳት ያቆየዋል። አንድ ሊትር የሚይዝ ክዳኑ የማያፈስ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቶ፣ በካልሲ ከቶ ጭን መሀል ማድረግም ይረዳል፤ ስሱ የፕላስቲክ ኮዳ ግን በሙቅ ውሃ ይጣመማል።

ከሰልባጅ የተገዛውን ሳታጥቡ አትጠቀሙ፤ ትኋንና ቁንጫ ስፌት ውስጥ ይደበቃሉ። ሲንተቲኩን ዚፑን ዘግታችሁ በትልቅ ሳፋ፣ ለብ ባለ ውሃና ጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ዘፍዝፉትና በእግር ቀስ እያላችሁ ርገጡት። በረኪናና የልብስ ማለስለሻ አይነካውም። አረፋው እስኪያልቅ አለቅልቁት። ስታወጡት በሁለት ክንድ ከሥሩ ደግፋችሁ አንሱት፤ አንድ ጫፍ ይዛችሁ ከጎተታችሁት የውሃው ክብደት የውስጡን ስፌት ይበጥሳል። አትጭመቁት፤ ጥላ ላይ በአግድም ዘርግታችሁ እያገላበጣችሁ አድርቁት። ከላይ የደረቀ ቢመስልም መሀሉ ስለሚዘገይ ሌላ አንድ ቀን ጨምሩለት። ስታስቀምጡት በጠባቡ ከረጢቱ አታቆዩት፤ በሰፊ የጨርቅ ከረጢት ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅላችሁ ይረፍ።

በዓመት አንድ ሌሊት ብቻ የምትወጡ ከሆነ መከራየት ይሻላል፤ ጉዞ አዘጋጆች ከድንኳን ጋር ያከራያሉ። ስትከራዩ የመንፋቱንና የዚፑን ፈተና እዚያው አድርጉ፣ መቼ እንደታጠበ ጠይቁ፣ አንሶላ አጥፋችሁ በአንድ ጎን ሰፍታችሁ የውስጥ ሽፋን ይዛችሁ ሂዱ።