ቅብጥብጥ ልጅ ይዛችሁ የጥርስ ሐኪም ለምትፈልጉ፦ ደሴ ፒያሳ ያለችው ክሊኒክ

ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ያለበትን ልጅ ሳያስጨንቅ ጥርሱን የሚያክም ደሴ ውስጥ አለ ወይ ለምትሉኝ እናቶች፣ አለ። ፒያሳ አካባቢ ያለች አነስተኛ ክሊኒክ ናት። ልጄ 7 ዓመቱ ነው። የታችኛው የወተት መንጋጋው ተቦርብሮ እንቅልፍ ነስቶት ነበር። መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቦታ ነበር፣ «ቅጪውና አምጪው» ተብዬ ተመለስኩ። ልጁ እኮ ባለጌ አይደለም፣ አርፎ መቀመጥ ነው የሚከብደው!

እዚህ ግን ዶክተሯ አፉን ከማየቷ በፊት እኔን ጠየቀችኝ። መድኃኒት ይወስዳል ወይ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ልቡ ደህና ነው ወይ፣ ምን ያስደነግጠዋል። ለኤዲኤችዲው ሜቲልፌኒዴት የሚባል መድኃኒት እንደሚወስድ ስነግራት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ማደንዘዣ ከመስጠቷ በፊት ማወቅ እንዳለባት አስረዳችኝ። አፍም ሊያደርቅ ይችላል፣ ምራቅ ሲያንስ ደግሞ ጥርስ ቶሎ ይበላሻል አለችኝ። ይህንን ከዚያ በፊት ማንም አልነገረኝም።

የመጀመሪያ ቀን ምንም አልሠራችለትም። ወንበሩን ከፍ ዝቅ አደረገችለት፣ መስታወቷን አስያዘችው፣ ምራቅ የሚስበውን ቱቦ መጀመሪያ መዳፉ ላይ አስነካችው፣ ከዚያ ነው ወደ አፉ ያስጠጋችው። ሥራው ሲጀመር ደግሞ «አብሽር የኔ ጌታ፣ እስከ አምስት ቆጥሬ አቆማለሁ፣ ከደከመህ እጅህን አንሣ» አለችው። ሁለት ላይ ሳትደርስ እጁን አነሣ። ሳያመው፣ ሊፈትናት ብቻ! ወዲያው አቆመች፣ አልተቆጣችም፣ «እሺ፣ ስትዘጋጅ ንገረኝ» አለችው። ከዚያ በኋላ አመናት፣ ጥርሱም ተሞላ።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል፣ ምን አስሮጠሽ» ያሉኝ ብዙ ናቸው። የኋለኞቹ የወተት መንጋጋዎች ግን እስከ 10፣ 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ፣ ለቋሚው ጥርስ ቦታ የሚይዙትም እነሱ ናቸው። እንደዚህ ዓይነት ልጅ ሕመሙ ሲብስበት ተወስዶ ቢነቀልለት ከዚያ በኋላ የጥርስ ሐኪም ቤት ደጃፍ አይረግጥም፣ ስለዚህ ሳይብስ ውሰዱ።

ያልወደድኩት ማረፊያ ክፍሉን ነው። ጠባብ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ የጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ ይዘን የገባነው 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ልጅ እያስጠበቁ ትዕግሥቱ ካለቀ በኋላ ወንበር ላይ ማውጣት ለሐኪሟም አይጠቅምም፣ ይህንን በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። እናንተ ስልክ ቁጥራችሁን ሰጥታችሁ ልጁን ውጭ አንሸራሽሩት፣ ተራው ሲደርስ ይደውላሉ። ዋጋውም ከመንግሥት ሆስፒታል ከፍ ይላል፣ ለእኔ ግን ተገቢ ነው።

ማደንዘዣ ከተወጋ ከንፈሩ ለ2 ወይም 3 ሰዓት ያህል ይደነዝዛል። እጁና አፉ ሥራ የማይፈታ ልጅ ከንፈሩን ሳያውቀው አኝኮ ሊያቆስለው ይችላል፣ ስለዚህ እስኪለቀው ድረስ ምግብ አትስጡት፣ ዓይናችሁንም አትንቀሉበት።

ከኮምቦልቻ ወይም ከሐይቅ የምትመጡ ቀጠሮውን መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት አስይዙ። ሰኞን ተዉት፣ በገበያው ምክንያት መንገዱም ክሊኒኩም ይጨናነቃል።