ባለ 72 ጉድጓዱ የችግኝ ትሪ ከዘጠኝ ወር በኋላ

አራቱን ትሪ የገዛሁት ጥር ላይ ነው። ሻጩ ባለ 128ቱን ሊያስይዘኝ ነበር፤ "ብዙ ችግኝ ይወጣልሃል" እያለ። እምቢ ማለቴ በጀኝ። የባለ 128ቱ ጉድጓድ ጠባብ ነው፤ የሚይዘው አፈር ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። እኛ ሰፈር፣ ሱሉልታ፣ ውሃ በፈረቃ ነው። እኔም ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ቀን ላይ ማን ያጠጣልኛል?

የመጀመሪያው ዙር ግን ያለቀው በድርቀት ሳይሆን በውሃ ብዛት ነው። ጥቅል ጎመን ነበር። ማታ ስገባ በጆግ አርከፈክፍበታለሁ፣ ጠዋትም እደግመዋለሁ። በበቀለ በሳምንቱ ግንዱ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ክር መስሎ ቀጠነና አንዱ በአንዱ ላይ ተጋደመ። ፈንገስ ነው፤ እርጥበትና ብርድ ሲገናኙለት ደስ ይለዋል። ጎረቤቴ እማማ አይተው "ልጄ፣ ችግኝ እንግዳ አይደለም፤ ባየኸው ቁጥር ጠጣ አትበለው" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ማታ አላጠጣም። ጠዋት ትሪውን በሁለት እጄ አነሳዋለሁ። ከከበደ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ከቀለለ ሳፋ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ውሃ አድርጌ እዚያ አቆየዋለሁ፤ በታችኛው ቀዳዳ ይስባል። የአፈሩ ላይ ሲጠቁር፣ ሃያ ደቂቃ ግድም ነው፣ አወጣዋለሁ። ቅጠሉ አይረጥብም፣ ዘሩም ታጥቦ ጥግ ላይ አይከማችም። የተረፈው ውሃ ለቀጣዩ ትሪ ነው። (የታመመ ችግኝ ከነበረበት ግን ድፉት።)

የግቢዬን ጥቁር አፈር ትቼዋለሁ፤ ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ሁለት እጅ የተነፋ ኮምፖስት ከአንድ እጅ አሸዋ ጋር ይበቃኛል።

ፕላስቲኩ ስስ ነው፣ ይሄ አይካድም። አንዱን እርጥብ እያለ በአንድ ጥግ ሳነሳው ተሰነጠቀ። ሌላኛውን በጋውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ረስቼው እንደ ብስኩት ተሰባበረ። የቀሩት ሁለቱ ጥላ ውስጥ ስለሚውሉ ደህና ናቸው።

ለቃሪያም አይሆንም። በዚህ ብርድ ቃሪያ እየተንቀራፈፈ ነው የሚያድገው፤ ከትሪው እስኪወጣ ሥሩ ጉድጓዱን ሞልቶ ይጠመዘዛል። አራት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ግማሽ ሊትር የወተት ላስቲክ አዛውረዋለሁ፤ በደንብ አጥቤ፣ ታቹን ሦስት ቦታ በስቼ። ቆርቆሮ ጣሳም ሞክሬ ነበር፤ ቀትር ላይ ሥሩን ቀቀለው።

እንደገና እገዛለሁ ወይ? ሁለት ጨምሬያለሁ፣ ወፍራሙን። ለቃሪያው ግን ቤተሰቡ ወተት ይጠጣ።