የድሮ መርከበኛ ጠባይ ያለው ሩም የትኛው ነው? ፑሰርስ፣ ስሚዝ ኤንድ ክሮስ፣ ኤል ዶራዶ እና ካፒቴን ሞርጋን ሲነጻጸሩ

ጠርሙሱ ላይ መርከብ ወይም ጢማም የባሕር ወንበዴ ስለተሳለ ውስጡ ያለው ሩም፣ ማለትም ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣው አረቄ፣ የመርከበኛ ሩም አይሆንም። ከባሕር ዳር ሱፐርማርኬት ለመግዛትም ሆነ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ለማዘዝ ላሰበ ሰው አስቀድሜ የምለው ይህንኑ ነው። የድሮው የመርከብ ሩም መዓዛው የከበደ፣ አልኮሉም ብርቱ ነበር። ይህን ለመለየት ደግሞ በዳጉሳ አረቄ ያደገ የጎጃም አፍንጫ ከማንም አያንስም።

ታሪኩን ባጭሩ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዞች ጃማይካን በ1655 ከያዙ ወዲህ ሩም ወደ ባሕር ኃይላቸው ገባ፤ ለመርከበኛው በየቀኑ እየተለካ መታደሉም እስከ ጁላይ 31 ቀን 1970 ድረስ ቀጠለ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የአንድ ሰው ድርሻ 71 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ የአልኮሉም መጠን 54.5 በመቶ ነበር። የእንግሊዙ የባሕር ኃይል አዛዥ አድሚራል ቨርነን በ1740 ሰዎቹ እየሰከሩ ሲያስቸግሩት አንዱን እጅ ሩም በአራት እጅ ውሃ እንዲበረዝ አዘዘ። ድሮ የሩሙ ብርታት የሚፈተነው ባሩድ ላይ ፈስሶ ነው ይባላል፤ የረጠበው ባሩድ እሳት ሲነካው ከተቀጣጠለ ሩሙ አልተበረዘም ማለት ነው። ያ ልክ በዛሬው አቆጣጠር 57 በመቶ ግድም ይሆናል። አረቄን ማንኪያ ላይ አድርጎ ክብሪት መጫር ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም።

መዓዛውን የሚያከብደው አወጣጡ ነው። አንዳንዱ ሩም እንደ አረቄያችን ድፍድፉ በአንድ ዕቃ ፈልቶ፣ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ ሲቀዘቅዝ ይንጠባጠባል። ሌላው በረጅም የብረት ዓምድ ውስጥ ያለማቋረጥ እየተጣራ ይወጣል፤ ንጹሕና ቀላል ይሆናል፣ ጠረኑ ግን አብሮ ይሄዳል። የመርከበኛ ጠባይ የምንፈልገው ከመጀመሪያው ዓይነት ነው።

በዚህ መለኪያ ካየነው ስሚዝ ኤንድ ክሮስ የሚያህል የለም። የጃማይካ ሩም ነው፣ 57 በመቶ፣ በዓምድ ያልወጣ። ባለፈው የቡሬዋ አክስቴ ለክርስትና ባሕር ዳር መጥታ ሳለ ከሌሎቹ ጋር አቀረብኩላት። ዕድሜዋን ሙሉ አረቄ ስታወጣ የኖረች ሴት ናት። መለኪያውን ወደ አፏ አላስጠጋችም፤ ጥቂት መዳፏ ላይ አፍስሳ በሁለት እጇ አሸችና አሸተተችው። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ፣ «ልጄ፣ የዚህ ድፍድፉ ብዙ ቆይቷል» አለችኝ። «እታለም፣ በምን አወቅሽ?» ስላት መዳፏን አፍንጫዬ ስር አመጣችው፤ ከልክ በላይ የበሰለ ሙዝና አናናስ ይሸታል። ልክ ነበረች። ጃማይካ ውስጥ እንዲህ ላለው ከባድ ሩም ሞላሰሱን ለረጅም ጊዜ ያብላላሉ፤ ሩሙ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን፣ እኛ አተላ ብለን ለከብት የምንሰጠውን ዓይነት፣ ለሚቀጥለው ድፍድፍ ይጨምሩታል። ያ ጠረን የሚመጣው ከዚያ ነው። ዳግም አረቄ የለመደ ሰው ይህን ይወደዋል። ያልለመደ ግን በመጀመሪያው ጉንጭ ሊሸሽ ይችላል፤ ስለዚህ ለስጦታ አልመርጠውም።

ፑሰርስ ለባሕር ኃይሉ የሩም ዕደላ በዝምድና የሚቀርበው ነው። ዕደላው ከቀረ በኋላ ቻርልስ ቶቢያስ የሚባል ሰው የባሕር ኃይሉን የድብልቅ አሠራር በፈቃድ ወስዶ በ1979 ኩባንያውን አቋቋመ። ስሙም መርከብ ላይ ቀለብና ሩም የሚያድለው ሹም የሚጠራበት ነው። ዋናው ጠባዩ ደቡብ አሜሪካ ካለችው ጉያና ይመጣል፤ እዚያ ከእንጨት የተሠሩ የቆዩ የሩም ማውጫዎች ዛሬም ይሠራሉ። የተቃጠለ ስኳር፣ ዘቢብና አሮጌ እንጨት ይሸታል። ሲገዛ ግን ጥንቃቄ ያሻል፦ ሰማያዊ መለያ ያለው ከ40 እስከ 42 በመቶ ነው፣ «ጋንፓውደር ፕሩፍ» ተብሎ በባሩድ የተሰየመው 54.5 በመቶ። የዋጋ ልዩነቱ ካልከበደ ሁለተኛውን ውሰዱ፤ የመጨረሻዎቹ መርከበኞች ከተለካላቸው ጋር በብርታቱ እኩል ነው።

ኤል ዶራዶ የ15 ዓመቱ የጉያና ነው፤ ከእነዚያው የእንጨት ማውጫዎች የወጣ ሩም አለበት። 43 በመቶ ነው፣ ለስላሳና ጣፋጭ። ለአባት ወይም ለአማች ይዞ ለመሄድ ከአራቱ የሚበልጥብኝ የለም። ነገር ግን ሞገዱ የተረጋጋበት ሩም ነው፤ የተራው መርከበኛ ሻካራነት የለውም።

ካፒቴን ሞርጋን በቀላሉ ሊገኝ ስለሚችል ብዙ ሰው በእርሱ ይጀምራል። የስሙ ባለቤት ሄንሪ ሞርጋን በእውነት የነበረ ዌልሳዊ የባሕር ዘራፊ ነው፤ በኋላ የጃማይካ ምክትል ገዥ ሆኖ በ1688 እዚያው ሞተ። ቅመም የገባበት ወርቃማው ዓይነት ግን 35 በመቶ ብቻ ነው፣ ቫኒላውም ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሩም ለመባል ቢያንስ 37.5 በመቶ መሆን ስላለበት እዚያ በሩምነት አይሸጥም። ከኮካ ጋር ለመጠጣት ይሆናል፤ ለዛሬው ጥያቄያችን ግን መልስ አይደለም።

ሌላ የእንግሊዝ ጠርሙስ ካጋጠማችሁ ዉድስ 57 በመቶ የጉያና ሩም ስለሆነ አትለፉት። ላምስ 40 በመቶ ነው፤ ለመደባለቂያ ይበቃል።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ውድ ጠርሙስ ገዝቼ ቤት ስከፍተው ክዳኑ ያለ ምንም «ቀጭ» ተፈታ። ውስጡ ቀለም የገባበት አልኮል ነበር፤ መዳፌ ላይ ሳሸው ወዲያው ተንኖ ምንም ጠረን አልተወም። የእውነተኛው ሩም ጠረን ከደረቀም በኋላ እጅ ላይ ይቆያል። ከመክፈላችሁ በፊት ማሸጊያውን በጣታችሁ ዳስሱ፣ በአንገቱ ዙሪያ የሙጫ ምልክት ካለም መልሱት። ቤት ከፍታችሁ የተጠራጠራችሁትን ደግሞ አትቅመሱት፤ በሐሰተኛ መጠጥ ውስጥ ሊኖር የሚችለው መርዛማ አልኮል፣ ሜታኖል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም።

ብርቱዎቹን ስትጠጡ ውሃ አይቅር። እኔ ለአንድ መለኪያ ሩም ሁለት መለኪያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ግማሽ ሎሚና ትንሽ ስኳር አደርጋለሁ፤ የቨርነን አራት እጅ ለእኔ ይበዛል። በመጪው ፋሲካ ለሚመጣው የአጎቴ ልጅ ያዘዝኩት ባለ 54.5ቱን ፑሰርስ ነው። የስሚዝ ኤንድ ክሮሱን ቅሪት አክስቴ በነጠላዋ ጠቅልላ ቡሬ ይዛው ሄዳለች።