ፒክአፕ ውስጥ የፊት ወንበር ይሻላል ወይስ የኋላው?

ብዙዎቻችን «ከኋላ መቀመጥ ይሻላል» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ አራት ትልልቅ ፒክአፖች የፊት ለፊት ግጭት ፈተና ተደረገባቸው። ሾፌሩን ሁሉም በደንብ ጠበቁት። ከኋላ የተቀመጠው የ12 ዓመት ልጅ የሚያክል አሻንጉሊት ግን አልቀናውም። ፎርድ ኤፍ-150፣ ራም 1500 እና ሼቭሮሌ ሲልቨራዶ «ደካማ» ተባሉ። ቶዮታ ተንድራም ትንሽ ቢሻል ነው።

የፊቱ ቀበቶ መኪናው ሲጋጭ ወዲያው ጠበቅ ይላል። ከዚያ ደረት እንዳይጎዳ በልክ ላላ ይላል፣ ኤርባጉም ሰውየውን ይቀበላል። የኋላው ቀበቶ ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ የለውም። እንዲህ ውድ በሆነ መኪና ልጆች የሚቀመጡበት ቦታ መረሳቱ ያሳዝነኛል።

ቢሆንም ከ13 ዓመት በታች ያሉትን ከኋላ አስቀምጡ። የፊት ኤርባግ ለእነሱ አደገኛ ነው።