ለቤዝ ጊታር የመጀመሪያው ፔዳል፦ ኦቨርድራይቭ፣ ኮምፕረሰር ወይስ ፕሪአምፕ?

«ለቤዝ መጀመሪያ የትኛውን ፔዳል ልግዛ?» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ፔዳሎች (በእግር እየተረገጡ ድምፅ የሚለውጡ ሳጥኖች) መካከል ያመነታል፦ ድምፅ የሚያሻክረው ኦቨርድራይቭ፣ ጮክ ያለውንና ለስለስ ያለውን ምት የሚያመጣጥነው ኮምፕረሰር፣ ድምፅ የሚያስተካክለውና የዲአይ መውጫ (ቤዙን በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚያስገባ) ያለው ፕሪአምፕ። መልሱ ከፊት ይቀመጥ፤ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ፕሪአምፕ ግዙ። ምክንያቱ የሚጀምረው ከሒሳብ ነው።

ፔዳሉ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ሙሉው ዋጋ አይደለም። ከፔዳሉ ወደ አምፕ (ድምፅ ማጉያው) የሚሄድ ሁለተኛ ገመድ ያስፈልጋል፤ አዳፕተሩም አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይገዛል። «በባትሪ እጫወታለሁ» የሚል ደግሞ ይህን ያስላ፦ ጥሩ ባለ 9 ቮልት አልካላይን ባትሪ በግምት 500 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል። 5 ሚሊአምፒር የሚበላ ቀላል ኦቨርድራይቭ ወደ 100 ሰዓት ሊሠራበት ይችላል፤ 50 የሚበላ ግን 10 ሰዓት ቢቆይ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ለሚለማመድ ሰው የመጀመሪያው ከወር በላይ ይዘልቃል፣ ሁለተኛው ሳምንት አይሞላም። ጥቂት ወራት ባትሪ ሲቀየር የአዳፕተሩ ዋጋ ወጥቶ አልቋል። በዚያ ላይ ባትሪውን የሚያበራውና የሚያጠፋው የመግቢያው ጃክ ነው። ገመዱ ተሰክቶ ካደረ፣ የፔዳሉ መብራት ቢጠፋም ባትሪው እየተበላ ያድራል።

ትልቁ ወጪ ግን ሌላ ነው። ቤዝ የሚጫወት ሰው አንድ ቀን የራሱ አምፕ በሌለበት መድረክ ላይ በቀጥታ ወደ ሚክሰር መግባቱ አይቀርም። ተራ የጊታር ገመድ ሲረዝም ቀጭኑን ድምፅ ይበላል፣ ከአካባቢው የመብራት ጉምጉምታ ይለቅማል፤ ስለዚህ ባለ ሦስት እግር ኤክስኤልአር መውጫ ያለው ዲአይ ያስፈልጋል። ኦቨርድራይቭ ወይም ኮምፕረሰር የገዛ ሰው ያን ጊዜ ዲአይ ሳጥን ለብቻ ይገዛል። ፕሪአምፑ ውስጥ ግን የድምፅ ማስተካከያው፣ ማሻከሪያውና ዲአዩ ብዙ ጊዜ አብረው አሉ። «ኦቨርድራይቩ ረከሰ» የሚለው ንጽጽር ስህተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። መወዳደር ያለበት የኦቨርድራይቭ፣ የዲአይ ሳጥንና የተጨማሪ ገመድ ድምር ዋጋ ከአንድ ፕሪአምፕ ዋጋ ጋር ነው።

ኦቨርድራይቭ ላይ ገንዘብ በብዛት የሚባክነው ለሊድ ጊታር የተሠራውን ገዝቶ ለቤዝ በማዋል ነው። የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ድምፁን በሚያጎላው ክፍል ውስጥ ያሉት 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተርና 0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ720 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ እምብዛም እንዳይጎላ ያደርጋሉ። የቤዝ ወፍራሙ ኢ ክር ሳይጫኑት 41 ኸርዝ ገደማ፣ ቀጭኑ ጂ 98 ኸርዝ ነው። የአራቱም ክሮች መሠረታዊ ድምፅ ከመስመሩ በታች ስለሚቀር ፔዳሉ ሲረገጥ ቤዙ ከባንዱ ውስጥ ይጠፋል። ፔዳሉ አልተበላሸም፤ የተሠራው ለሌላ መሣሪያ ነው።

ስለዚህ ኦቨርድራይቭ የግድ ካላችሁ፣ ንጹሑን ድምፅ ከሻካራው ጋር የሚቀላቅል ማዞሪያ ያለውን ብቻ ግዙ። ቦስ ኦዲቢ-3 «ባላንስ»፣ ዳርክግላስ ቢ3ኬ «ብሌንድ» ይሉታል። ኦዲቢ-3 ቀጭኑ ድምፁ ካልተቀነሰ ጆሮ ይወጋል፤ ባላንሱን ከግማሽ በታች አድርጎ መጀመር ነው። ማቀላቀያ የሌለው ኦቨርድራይቭ በነጻም ቢገኝ ለመጀመሪያ ፔዳልነት አይመከርም።

ኮምፕረሰር ጠቃሚ ነው፤ ለጀማሪ ግን ጊዜው ገና ነው። ሬሾው (የመጨመቂያው ልክ) 4 ለ 1 ሲሆን ከመነሻው መስመር (መጨመቅ ከሚጀምርበት ጩኸት) 8 ዴሲቤል ያለፈ ድምፅ 2 ዴሲቤል ብቻ አልፎ ይወጣል። ይህን ለውጥ ለመስማት የሠለጠነ ጆሮ ያስፈልጋል። ባለ ሁለት ማዞሪያ ርካሽ ኮምፕረሰሮች ምን ያህል እንደጨመቁ አያሳዩም፤ ጀማሪው እስከ ጫፍ ያዞረዋል፣ የጣቱ ምት ይሞታል፣ ከኋላ ያለው የ«ሽሽ» ድምፅ ይጎላል። የቤዝ የራሱ ችግርም አለ። የኢ ክር አንድ ሙሉ ንዝረት 24 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። የመልቀቂያው ጊዜ (ኮምፕረሰሩ መጨመቁን ለማቆም የሚወስደው) ከዚያ ካጠረ ኮምፕረሰሩ እያንዳንዱን ንዝረት እየተከተለ ድምፁን ያሻክረዋል። መግዛት የፈለገ ምን ያህል እንደጨመቀ በመብራት የሚያሳይ፣ ለምሳሌ ኤምኤክስአር ኤም87 ዓይነት ይፈልግ፤ መያዣውን (መጨመቅ ለመጀመር የሚወስደውን ጊዜ) ዘገም፣ መልቀቂያውን ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ አድርጎ ይጀምር።

ወደ ፕሪአምፑ እንመለስ። በሰፊው የሚታወቀው የቴክ 21 ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር ዲአይ ነው፤ በእሱ አምሳል የተሠራው ርካሹ የቤህሪንገር ቢዲአይ21 ነው። የኋለኛው ሳጥን ፕላስቲክ ነው፤ በቀስታ ለሚረግጥና ቤት ውስጥ ለሚለማመድ ሰው ግን ከዋጋው በላይ ይሠራል። በየሳምንቱ መኪና ላይ እየተጫነ መድረክ ለሚዞር ብረቱ ያዋጣል፤ ያገለገለ ኦርጅናል ከአዲስ ፕላስቲክ ይመረጣል።

የሁለቱም የጋራ ድክመት መታወቅ አለበት። የድሮው ሳንስአምፕና ቢዲአይ21 የመካከለኛ ድምፅ ማዞሪያ የላቸውም፣ መካከሉንም ያጎደጉዱታል። ብቻችሁን ስትጫወቱ ያምራል፤ ድራምና ጊታር ሲገባ ቤዙ ይሰምጣል። መድኃኒቱ ብሌንዱን ግማሽ ላይ ማቆምና የቤዙ የራሱ መካከለኛ ድምፅ እንዲያልፍ መተው ነው። ወፍራሙንና ቀጭኑን ማዞሪያ መሀል ላይ አድርጉ፣ ድራይቩን (ማሻከሪያውን) ሩብ ላይ፣ ፕረዘንሱን (የላይኛውን ጥርት ያለ ድምፅ) ዝቅ። ከዚያ ፔዳሉ ሲረገጥና ሲለቀቅ ጩኸቱ እኩል እስኪሆን ሌቭሉን አስተካክሉ። ሁለተኛው የሳንስአምፕ ትውልድ መካከለኛ ማዞሪያ ተጨምሮበታል፤ የዋጋው ልዩነት የሚያስቆጭ አይደለም።

ሚክሰሩ ላይ ድምፁ ከተሰነጠቀ ማዞሪያዎቹን ከመውቀሳችሁ በፊት የሚክሰሩን ጌይን (የመግቢያውን ማጉያ ማዞሪያ) አውርዱ። ሚክሰሩ በኤክስኤልአሩ ገመድ የሚልከው ባለ 48 ቮልት ኃይል፣ ፋንተም፣ በርቶ እንደሆነም ጠይቁ። ሳንስአምፑ በፋንተም መሥራት ይችላል፣ ሁሉም ፕሪአምፕ ግን አይችልም፤ መመሪያው ካልፈቀደ ይጥፋ።

ኮፒ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በራሱ ስም የሚሸጥ አምሳያ ነው፤ ነውር የለበትም። ሌላው የሌላውን ስም የለጠፈ ፎርጅድ ነው፤ ከእሱ ራቁ። ኦርጅናሉን የሚያህል ዋጋ ይጠየቅበታል፣ ሲበላሽም የውስጡ የኤሌክትሪክ ዑደት ከኦርጅናሉ ሊለይ ስለሚችል በኦርጅናሉ ንድፍ መጠገን ያስቸግራል። ሻጩ የታችኛውን ብረት አራት ብሎን ፈትቶ ውስጡን ለማሳየት እምቢ ካለ አትግዙ።

ያገለገለ ስትገዙ የራሳችሁን ቤዝና ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። ገመዱን ጃኩ ላይ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉ፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ከውስጡ ሰሌዳ ጋር የተበየደበት ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ ድጋሚ ብየዳ ይበቃዋል። ማዞሪያ ሲንኮሻኮሽ የኤሌክትሪክ ማጽጃ ነፍቶ ሃያ ጊዜ ማመላለስ አብዛኛውን ያድነዋል። ከጸዳ በኋላም ካልተወ ካፓሲተር እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የእግር ማብሪያው አንዳንዴ እየሠራ አንዳንዴ እምቢ ካለ ይቀየራል፤ ባለ ዘጠኝ እግሩ ማብሪያ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ብየዳው ላይ ሙቀት ከበዛ የውስጡ ፕላስቲክ ስለሚቀልጥ በእያንዳንዱ እግር ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ አትቆዩ።

ፔዳል የሚገድለው ግን ከእርግጫ ይልቅ የተሳሳተ አዳፕተር ነው። የተለመደው 9 ቮልት ዲሲ ሲሆን መሀሉ ኔጌቲቭ ነው። ተገልብጦ ከተሰካ ብዙ ፔዳሎች ውስጥ መከላከያው ዳዮድ፣ ብዙ ጊዜ 1ኤን4001፣ ይቃጠላል፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ እሱን ብቻ መቀየር ነው፣ ዋጋውም ኢምንት ነው። 18 ቮልት ከገባ ግን የከፋ ነው። አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ማክስ1044 ቺፕ ከ10.5 ቮልት በላይ አይችልም፣ ባለ 16 ቮልት ካፓሲተሮችም አይቋቋሙትም። «ሞቷል» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፔዳል ስታገኙ መጀመሪያ ዳዮዱን በመለኪያ ፈትሹ።

ምርጫውን የሚቀይረው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው። አምፓችሁ የራሱ ኤክስኤልአር መውጫና በቂ የድምፅ ማስተካከያ ካለው፣ የምትጫወቱበት ሁሉ ይዛችሁት የምትሄዱ ከሆነ፣ ፕሪአምፑ ያላችሁን መድገም ነው። ያን ጊዜ ማቀላቀያ ያለውን ኦቨርድራይቭ ግዙ።