አሥራ አንድ ወር ከቴሌስኮፕ ጋር፣ አራት ኪሎ ላይ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ የገባው ቴሌስኮፕ እነሆ አሥራ አንድ ወር ሆነው። የምኖረው አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለ የጋራ ግቢ ውስጥ ነው። የመንገዱ መብራት ሌሊቱን ሙሉ አጥራችን ላይ ያርፋል። «መሃል ከተማ ተቀምጠህ ምን ልታይበት ነው?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። እኔም ስጋቱ ነበረኝ። አሁን ግን በሙሉ ልብ እመልሳለሁ፤ ጨረቃንና ፕላኔቶችን የመንገድ መብራት አይሸሽጋቸውም።

ቴሌስኮፑ ባለ መስታወት ነው። ዶብሶኒያን የሚባለው፣ ክብ እንጨት ላይ እየዞረ ከፍና ዝቅ የሚል ቀላል ዓይነት ሲሆን እግር የለውም፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የዋናው መስታወት ስፋት 130 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ (ከመስታወቱ የተመለሰው ብርሃን አንድ ላይ እስኪሰበሰብ የሚጓዘው ርቀት) 650 ሚሊሜትር ነው። ባለ 25 እና ባለ 10 ሚሊሜትር ሁለት የዓይን ሌንሶች አብረውት መጥተዋል። 650ን ለ25 ስታካፍሉ 26 እጥፍ፣ ለ10 ስታካፍሉ 65 እጥፍ ያጎላል ማለት ነው።

ቁጥሩ አነሰ የሚል ካለ የእኔን ታሪክ ይስማ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ቴሌስኮፕ ካርቶኑ ላይ «525 እጥፍ» ይል ነበር። የፊት ሌንሱ ግን 60 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። አንድ ቴሌስኮፕ በደህና ሊያጎላ የሚችለው በግምት የስፋቱን ሚሊሜትር ሁለት እጥፍ ነው፤ ያ ዕቃ ከ120 በላይ ሲባል የሚያሳየው ጭጋግ ነበር። ቀጫጭን እግሮቹ ደግሞ በትንፋሽ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰማይ አራቀኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የምትገዙ ሰዎች ስለ ማጉላት ሳይሆን ስለ መስታወቱ ስፋትና ስለ መቀመጫው ጽናት ጠይቁ።

የመቀመጫ ነገር እኔንም አስቸግሮኝ ነበር። መጀመሪያ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጠው ጨረቃ ትዘል ጀመር። መፍትሔው እናቴ ቤት ተገኘ፤ ባለሦስት እግር የድሮ በርጩማ። ሦስት እግር ወጣ ገባ ባለ መሬት ላይም አይነቃነቅም። እኔ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፌ፣ ቴሌስኮፑ በርጩማው ላይ ሆኖ፣ ይኸው እስከ ዛሬ በዚሁ ነን።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ምሽት የግቢያችንን ጥበቃ ጠራኋቸው። «አባባ፣ አንድ ጊዜ ይመልከቱ።» ጋቢያቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ፤ ቆዩ። «ልጄ፣ ይኸ ጠባሳ የመሰለው ምንድን ነው?» አሉኝ። ጉድጓዶቹ ነበሩ። በብርሃኑና በጨለማው ድንበር ላይ ጥላቸው ስለሚረዝም የእያንዳንዱ ጉድጓድ ጠርዝ በጣት የሚነካ ይመስላል። ሙሉ ጨረቃ ላይ ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚያርፍ ጥላ የለም። ጀማሪ ከሆናችሁ ሙሉ ጨረቃን አትጠብቁ።

ኅዳር የጁፒተር ወር ነበር። በ65 እጥፍ ሁለት ቡናማ መቀነቶቹ ይለያሉ፤ አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎቹ በአንድ መስመር እንደ ተሰካ መርፌ ጫፍ ያበራሉ። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 እንዳደረገው በየምሽቱ ቦታቸውን በደብተር ስዬ ነበር። ዛሬ በግራ ያየሁት ነገ በቀኝ ይገኛል፤ አንዱ ከፕላኔቱ ጀርባ ይገባና ሦስት ይቀራሉ። አሥራ አራት ምሽት የሞላው ያ ገጽ ከማንኛውም ፎቶግራፍ ይበልጥብኛል። በኅዳር 12 ግን ደብተሩ ባዶ ነው፤ ኅዳር ሲታጠን የሰፈሩ ጭስ ሰማዩን ሸፍኖት አደረ።

ምስሉ እንደሚፈላ ውሃ የሚርገበገብባቸው ምሽቶችም ነበሩ። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። አንደኛ፣ ከሞቀ ቤት የወጣ መስታወት ከውጭው ብርድ ጋር እስኪስማማ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ በጎረቤት ኩሽናና ቀን ሙሉ ፀሐይ በጠጣ ኮንክሪት አናት ላይ የሚነሣው ሙቀት አየሩን ስለሚያናውጠው በዚያ በኩል ማየት አይሆንም፤ ፕላኔቱ ከፍ እስኪል መታገስ ነው። የቴሌስኮፑ ግማሽ አካል ክፍት ስለሆነ የመንገዱ ብርሃንም በጎን ይገባበታል። ባለቤቴ በጥቁር ጨርቅ እጅጌ ሰፋችለትና በአንድ ምሽት የሰማዩ መደብ ጠቆረ፣ ምስሉም ጠራ። ቀይ ነጥብ የሚያሳየው ማነጣጠሪያ ሳይጠፋ እያደረ ሁለት ባትሪ ጨርሶብኛል። ቀን ደግሞ ከቤት አላወጣውም፤ ግቢው ልጆች የሞሉበት ነው፣ ያለ ልዩ የፊት ማጣሪያ ፀሐይ ላይ የዞረ ቴሌስኮፕ በቅጽበት ዓይን ያጠፋል።

የጥምቀት ሰሞን ያየሁት ማርስ ትንሽ ብርቱካናማ ነጥብ ነው፤ ብዙ አትጠብቁ።

ኔቡላዎችን፣ ማለትም በከዋክብት መካከል ያሉትን የጋዝና የአቧራ ደመናዎች፣ ግን ከተማው በእርግጥ ይነፍጋችኋል። የካቲት ውስጥ አንድ ምሽት የሰፈሩ መብራት ድንገት ጠፋ። ቴሌስኮፑን ኦሪዮን ወደሚባለው የከዋክብት ስብስብ አዞርኩት፤ በሌላ ቀን ጉም የነካው ኮከብ የሚመስለው ኔቡላ ክንፉን ዘርግቶ ወጣ። ቀለም የለውም፤ ግራጫ ነው፤ ግን ከ1,300 ዓመት በላይ የተጓዘ ብርሃን ዓይኔ ውስጥ እየገባ መሆኑን ሳስብ መተንፈስ ረሳሁ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራቱ ሲመጣ ልጆቹ እልል አሉ፤ ክንፎቹም ተመልሰው ጠፉ። ለታኅሣሥ ገብርኤል ላንጋኖ ይዤው ወርጄ ስለነበር ጨለማ ምን ያህል እንደሚሰጥ አውቅ ነበር። እዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የደቡብ መስቀል የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ከሐይቁ አድማስ ወጥቶ ቆሞ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜም ቢሆን ከከተማ ይዛችሁት ውጡ።

ክረምቱን በሳጥኑ አሳለፈ። እርጥበት መስታወት ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ እኔ ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች ሰብስቤ አስገባሁበት፤ ደህና ወጣ። የበጋው አቧራ መስታወቱ ላይ ይታያል፤ አልጠረግሁትም። ጥቂት አቧራ ምስሉን አይጎዳም፤ በጨርቅ መጥረግ ግን ይጭረዋል።

ጳጉሜን 2 ቀን ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ስትጋረድ ደመና ነበር። ከምሽቱ 2፡30 እስከ 3፡52 ግርዶሹ ሙሉ እንደሚሆን ስለማውቅ በርጩማውን አውጥቼ ጠበቅሁ። ሦስት ሰዓት ሲያልፍ ደመናው ተከፈተ። በ26 እጥፍ ጨረቃ እንዳለች ሌንሱ ውስጥ ገባች፤ የጋለ ምጣድ መስላለች፣ አንዱ ጠርዟ ፈዘዝ ያለ። የግቢው ሰው በሙሉ ተሰልፎ አየ። አባባ የመጨረሻው ነበሩ፤ ጎንበስ ብለው አማተቡና፣ «ጠባሳዎቿ አሁንም አሉ» አሉ።